ማቴዎስ የሠራው አግዳሚ

ታቢታ ማቴዎስ ሀዋሳን የምታይበት ቀን አንድ እሑድ ብቻ ነበር። የጤና ረዳት ተማሪ ናት። የልምምድ ጊዜዋን በአንድ የገጠር ክሊኒክ ጨርሳ ሰኞ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤቷ ትመለሳለች። ጓደኞቿ፣ “የሲዳሞን ዋና ከተማ ሳታዪ እንዳትመጪ” ብለዋታል። እነሱ ሐይቁንና ፒያሳውን ማለታቸው ነው። እሷ የመጣችው ግን አንድ አግዳሚ ወንበር ለማየት ነበር።

አባቷ ማቴዎስ አናጢ ነበር። ከወላይታ ድረስ መጥቶ፣ መሃል ከተማ ላለው የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤት አግዳሚዎቹን ሁሉ በነፃ የሠራው እሱ ነው። ሲሞት ታቢታ ገና ሕፃን ነበረች። ከእጁ ሥራ ቤታቸው ውስጥ አንድ በርጩማ እንኳ አልተረፈም፤ በችግር ጊዜ ሁሉም ተሽጦ ተበልቷል። እናቷ፣ “ሀዋሳ የሄድሽ ቀን እሱ የሠራው ላይ ተቀመጪልኝ” ትላት ነበር። ጸሎት ቤቱ ግን በአብዮቱ ዘመን ታሽጎ፣ ቀበሌው የስብሰባ አዳራሽ አድርጎታል።

ያስተናገደቻት የእናቷ ወዳጅ እትዬ ዘነበች ናት። ባሏ የሞተባት፣ ትራስ ልብስ እየጠለፈች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ጠዋት ጋሪ ተሳፍረው ወደ ሐይቁ ወረዱ።

“እትዬ ዘነበች፣ ዛሬ ባለሥልጣን ይዘሽ ነው የወጣሽ?” አለ ባለጋሪው፣ የታቢታን የተተኮሰ ቀሚስ እያየ።

“ባለመርፌ ናት። አፍህን ካልሰበሰብክ ትወጋሃለች።”

“ፈረሴን ትውጋልኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የታመመው።”

ታቢታ ሳቀች። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲዘረግፉ፣ አባ ኮዳ የሚሏቸው ረጃጅም ወፎች እንደ ሰው ተሰልፈው የዓሣውን አንጀት ሲጠብቁ አየች። ታቦር ተራራን ከሩቅ አየች። ሁሉም ደስ ይላል፤ ልቧ ግን እዚያ አልነበረም።

“አዳራሹን መቼ ነው የምናየው?” አለች።

“ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ። በሩ የሚከፈተው ያኔ ብቻ ነው። ስብሰባውን ትችይዋለሽ?”

“ወንበሩን ካየሁ ሁሉን እችላለሁ።”

በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል። “ይቺ የቀበሌያችን ነዋሪ አይደለችም” አለ።

“እንግዳዬ ናት” አለች ዘነበች። “ከስብሰባ የሚሸሸውን ታስራላችሁ፤ ወዶ የመጣውን ደግሞ ትመልሳላችሁ? ምን ይሻላችኋል?”

ጠባቂው ሳቁን ዋጥ አድርጎ አሳለፋቸው።

መስቀል ተሰቅሎበት በነበረው ግድግዳ ላይ አሁን የሦስት ፂማም ፈረንጆች ሥዕል ተለጥፏል። አግዳሚዎቹ ግን እንደ ድሮው በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ዘነበች ታቢታን በግራ በኩል ወዳለው፣ ድሮ ራሷ ትጸልይበት ወደነበረው ሦስተኛ አግዳሚ ወሰደቻት። ታቢታ ቁጭ አለችና እጇን ከጣውላው ሥር አስገባች። ማንም የማያየው የሥሩ ገጽ እንኳ በመላጊያ ለስልሷል። መዳፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራተተችበት።

“እንደገና ጀመራችሁ!” የሚል ድምፅ አነቃት። የቀበሌው ሊቀመንበር በላይነህ ነው። “ሴት በግራ፣ ወንድ በቀኝ! ይኼ ጸሎት ቤት ነው እንዴ?”

ሰዎቹ ዞር ዞር ብለው ተያዩ። እውነትም ሴቶቹ ሁሉ በግራ፣ ወንዶቹ ሁሉ በቀኝ ተቀምጠዋል። ማንም አስቦ አላደረገውም። በዚያ ቤት ውስጥ እንዲያ ሲቀመጡ ኖረዋልና እግራቸው ራሱ ወሰዳቸው። በየስብሰባው ይቆጣቸዋል፤ በየስብሰባው ይረሱታል።

“ዛሬ ግን መፍትሔ አለኝ” አለ በላይነህ። “ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መድረክ እንሠራለን፤ ጣውላ የለንም። እነዚህን አግዳሚዎች ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ አበርክቷል። ጓድ ኩማ፣ እርስዎ የጸሎት ቤቱ የቀድሞ ሽማግሌ ነዎት። ይደግፋሉ?”

ኩማ የታቢታ እናት በአክብሮት ስሙን የምታነሣው ሰው ነው። አባቷን ከወላይታ ያስጠራው እሱ ነበር። ሽማግሌው ብድግ አለና መሬት መሬት እያየ፣ “እደግፋለሁ” አለ። ተጨበጨበ። በቀኝ በኩል ያሉት ወንዶች ተነሡ፤ ጥበቃዎቹ አግዳሚዎቹን እየጎተቱ ማውጣት ጀመሩ። እግሮቹ በሲሚንቶው ላይ ይንጫጫሉ።

የታቢታ ደም ፈላ። በላይነህ አስቀየማት፤ ከእሱ የባሰ ግን ያቃጠላት የኩማ ጭብጨባ ነው። ለራሱ መልስ ራሱ አጨበጨበ።

ጥበቃዎቹ ወደ ሦስተኛው አግዳሚ መጡ። ከዘነበች በቀር ሌሎቹ ሴቶች ተነሡ። ታቢታ አልተነሣችም።

“ተነሺ” አለ በላይነህ።

“አልነሣም። ይህን የሠራው አባቴ ነው። እኔ ለማንም አላበረከትኩም።”

“አንቺ ማነሽ?”

“የጤና ተማሪ ነኝ። ከተማ ልጎበኝ ነው የመጣሁት። ይኸው እየጎበኘሁ ነው።”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። በላይነህ ፊቱ ጠቆረ። ትቷት ወደ ዘነበች ዞረ፤ እሷም አልተነሣችም ነበርና።

“ይቺን ያመጣሻት አንቺ ነሽ። ሁለታችሁም አሁኑኑ ካልተነሣችሁ ከነገ ጀምሮ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርም ዘይትም አታገኚም። ልጆችሽን እንግዳሽ ታብላቸው።”

ዘነበች እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ንቅንቅ አላለችም።

ታቢታ ከጎኗ ያለውን የዘነበችን የተሸበሸበ እጅ አየች። እሷ ራሷ ነገ አውቶቡስ ተሳፍራ ትሄዳለች። እዚህ የሚሰፈርላት ስኳር የለም፤ በባዶ ሆድ ትምህርት ቤት የምትልከው ልጅም የላትም። የድፍረቷ ዋጋ ከዘነበች ቤት ነው የሚወጣው። ይህ ሲገባት ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት። የአባቷን ሥራ ለማትረፍ የሌላ እናት ልጆችን ማስራብ እንዲኖርባት አድርገው አሥረዋታል።

“ተነሺ፣ እትዬ” አለቻት።

“አንቺ ከተቀመጥሽ እኔም እቀመጣለሁ። ለእናትሽ ምን ብዬ ልነግራት ነው?”

“ተቀምጣበታለች በያት። ተነሺ።”

እጇን ይዛ አስነሣቻት። በላይነህ ፈገግ አለ። ሁለት ጥበቃዎች አግዳሚውን በአንድ ጫፉ ይዘው መጎተት ጀመሩ።

“አትጎትቱት!” አለች ታቢታ። በክሊኒክ የወደቀ በሽተኛ በግድየለሽነት ሲነሣ የምትቆጣበት ድምፅ ነበር። “አንተ በዚያ በኩል፣ አንተ በዚህ በኩል። አንሡት።”

ጥበቃዎቹ ሊቀመንበሩን አዩት። ከዚያ እሷን አዩ። አንደኛው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፍቶ ጎንበስ አለ፤ ሌላውም ተከተለው። አግዳሚውን ከሲሚንቶው አንሥተው ተሸከሙት። ታቢታ በሩን በሰፊው ከፈተችላቸውና፣ በላይነህንም ኩማንም ዞራ ሳታይ እየተከተለቻቸው ወጣች።