ዶክተር ሕሩይና ሦስቱ ነጥቦች

ዶክተር ሕሩይ ግትር ናቸው። ይህን የምለው ላማቸው አይደለም፤ አሥራ አራት ዓመት አብሬያቸው የጨረር ማሽን ስይዝ የኖርኩ ባለሙያ ነኝና ምስክር ነኝ። ሥራቸውን ሲግናል ሰፈር ያለው ቤታቸው ድረስ ይዘው ይገባሉ። «አላወቅኩም» ማለት ግን ጥርስ እንደመነቀል ያማቸዋል።

አዲሱ ማሽን ሲገባ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። አሮጌው ሰፋ አድርጎ ነው የሚመታው፤ አዲሱ በሚሊሜትር ነው። «ጡረታዎ ደርሷል፣ ለልጆቹ ይተዉት» ያላቸው አልጠፋም። ነገር ግን ከእንጦጦ የሚመጡ፣ የግራ ጡት ካንሰር ያለባቸው ታካሚ ነበሯቸው፤ እትዬ ብዙነሽ ይባላሉ። በአሮጌው ማሽን ቢታከሙ ጨረሩ ልባቸውን ይነካል። «ልባቸውን ሳልነካ ነው የማክማቸው» አሉና መገናኛ በየቅዳሜው በሚሰጠው የሐኪሞች ሥልጠና ተመዘገቡ።

አሠልጣኟ ዶክተር ኪያ የገዛ ተማሪያቸው ነበረች። ጨረሩ እንዲያርፍበት ኮምፒውተር ላይ የከበቡትን ቦታ በቀይ እያረመች ትመልስላቸዋለች።

«ጋሼ፣ ልብ ውስጥ ገብተዋል። እንደገና።»

እንደገና ሠሩ፤ አምስት ጊዜ። በአምስተኛው ምንም ሳትል አለፈችው። እኔም አብሬ እቀመጥ ነበርና ያን ቀን ኮራሁባቸው።

አንድ ቅዳሜ ግን ትምህርቱን አቋርጠው ወጡ። ጨረሩ የሚነጣጠርበትን ምልክት በማርከር ከመሳል በመርፌ ሦስት ነጥብ መንቀስ ይሻላል የሚል ትምህርት ነበር። «ንቅሳት? የኛ ሰው በጄ አይልም!» ብለው ሄዱ።

ዓርብ እትዬ ብዙነሽን ሲቲ ስካን አንሥተን ደረታቸው ላይ በማርከር መስመር ሣልን። «እንዳይጠፋ፣ እስከ ሰኞ ደረትዎን እንዳይታጠቡ» አሏቸው። ሰኞ ሴትየዋ ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርጉ አንድም መስመር የለም።

«እትዬ፣ እንዳይታጠቡ አላልኩም?» ጮኹ ዶክተሩ።

«ኧረ እኔ አልታጠብኩም!» እትዬ ብዙነሽም ተቆጡ። «ጠበል ነው የተጠመቅኩት። ጠበል መታጠብ ነው እንዴ?»

ዶክተር ሕሩይም እዚያው እንጦጦ ጠበል እየተጠመቁ ነው ያደጉት፤ አንድም ቀን «ታጠብኩ» ብለው አያውቁም። አሁን ሲቲ ስካኑም የጨረሩ ፕላንም እንደገና ሊሠራ፣ ሕክምናው ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ነው። ተናደድኩ፤ በሴትየዋ ሳይሆን በእሳቸው።

«ያቋረጡት ትምህርት እኮ ነው» አልኳቸው።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። አዳራሽ ሙሉ ሐኪም እየሰማ «ኪያ፣ ያን ትምህርት አቋርጬ ታካሚዬን በድያለሁ። ድገሚልኝ» አሉ። የመጀመሪያዋን ነጥብ የወጉት የገዛ ክንዳቸው ላይ ነው።

እትዬ ብዙነሽን ለማስፈቀድ ሲንተባተቡ፣ ሴትየዋ ነጠላቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ከአገጫቸው ሥር ጀምሮ ሰባት ረድፍ ንቅሳት! ዶክተሩ ያን አንገት ስንት ጊዜ መርምረውታል፤ ንቅሳቱን ግን ልብ ብለውት አያውቁም።

«ለቁንጅና ይህን ሁሉ ተወግቼ፣ ለነፍሴ ሦስት ነጥብ ይከብደኛል?» አሉና ሳቁባቸው።

ሕክምናው የሚጀመርበት ቀን ከጠበል በቀጥታ መጡ፤ ፀጉራቸው ገና እርጥብ ነው። የማነጣጠሪያውን መብራት አበራሁ። አረንጓዴው መስመር ሦስቱም ነጥቦች ላይ አረፈ። ኮምፒውተሩ ላይ ልባቸው ከጨረሩ ውጭ ነው።

«እትዬ ብዙነሽ» አሉ ዶክተር ሕሩይ፤ «ነገም ተጠምቀው ይምጡ።»