ረግረጉ ውስጥ የሰጠሁት ትምህርት

የመጀመሪያው ትምህርት በእንቅልፍ አለቀ። ከባልደረቦቼ ጋር ሱሉልታ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተን፣ «የስፖርተኛ ሰብዓዊ መብት» የሚል ባነር ሰቅለን፣ ሯጮቹን ከምሳ በኋላ ሰበሰብናቸው። እኔም ሯጭ ነበርኩና የሚመጣውን ማወቅ ነበረብኝ። ጠዋት ዳገት ሲወጣ ያረፈደ ሰው ጠግቦ ወንበር ላይ ከተቀመጠ አለቀለት። እኔ ስለ መብታቸው ስለፈልፍ እነሱ አንገታቸውን ደፍተው ያንኮራፋሉ። በጣም ተናደድኩ፤ ቆይቶ ግን ሳቄ መጣ።

በነጋታው ባነሩን ትቼ ቱታዬን ለበስኩ።

እኛ ዘንድ ሯጭ ልምምድ የሚሠራው በሰልፍ ነው። አንዱ ይመራል፤ የቀረው የፊተኛውን እግር እያየ ይከተላል። መሪው ከታጠፈ መታጠፍ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ሜዳው ዳር ዳሩን ውሃ ቋጥሯል። እየመራሁ ሆን ብዬ ወደ ረግረጉ ታጠፍኩ። ሁሉም ተከተሉኝ። ውሃው ጉልበት ሲደርስ እንኳ ትንፍሽ ያለ የለም። አንዱ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት በካልሲው ይከተለኛል።

መሃሉ ላይ ቆሜ ዞር አልኩ። «ወዴት እንደምወስዳችሁ ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

እርስ በርስ ተያዩ። ከጫንጮ የመጣች አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ «መሪ ይጠየቃል እንዴ?» አለች።

የዚያን ቀን ማንም አላንቀላፋም። ሰውነታችሁ የራሳችሁ ነው አልኳቸው፤ ወዴት እንደሚወሰድም፣ ምን እንደሚገባበትም የመጠየቅ መብት አላችሁ። ባለ ካልሲው ልጅ፣ «ጫማም መብት ነው» ብሎ አሳቀን፤ ተጋግዘን ፈልገን አወጣንለት።

ከወራት በኋላ ያቺ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ልትወዳደር ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ጉልበቷን አመማት። ቤተሰቧ በሙሉ ያንን ውድድር ነው የሚጠብቀው። የማናጀሯ ተወካይ መርፌ ይዞ ሯጮቹ የሚያድሩበት ካምፕ ድረስ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ኩን ማሊ?» አለችው በኦሮምኛ። የገባው ስላልመሰላት በአማርኛ ደገመችለት። «ይሄ ምንድን ነው?»

ቫይታሚን ነው አላት። እንግዲያው ብልቃጡን አሳየኝ አለችው። እሱ ግን ብልቃጡን ቦርሳው ውስጥ ከተተና ጉዞው እንደቀረባት ነግሯት ወጣ።

አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ግን በሰው እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ለሚመለከተው ክፍል አብረን አመለከትን፤ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አንለቀውም። ውድድር እንደሆነ ሞልቷል፣ ታገኛለች።

ጉልበቷ ድኖ ስትመለስ ሰልፉ ውስጥ ልክ ከኋላዬ ገባች። ሜዳውን ጨርሰን መገንጠያው ላይ ስንደርስ ድምጿን ሰማሁ።

«እቴቴ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?»

ፍጥነቴን ቀነስኩ። ወዴት እንደሆነ ሳልነግራት አልታጠፍኩም።