በቅድሚያ ምስጋና

ሰው ሁሉ «ጥብቅናህን ይዘህ አርፈህ አትቀመጥም ነበር?» ይለኛል። ማረፍማ ማን ይጠላል! ፖለቲካ ውስጥ የከተቱኝ ከቢታ ገነት ወዲያ ካለ መንደር የመጡ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ናቸው። የጫካ ቡናቸውን አንድ ባለሀብት አጥሮ ወሰደባቸው፤ ቦንጋ ፍርድ ቤት ድረስ እየተመላለስን ተከራከርንና ረታን። ረታን! ፍርዱ ቀበሌ ሲደርስ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «አጥሩ ይነሳ» የሚል ውሳኔ ይዤ እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። ሊቀመንበሩ «ከበላይ መመሪያ እየጠበቅን ነው» ይለኛል። ደሜ ፈላ፤ ተቃዋሚ ፓርቲ ገባሁ።

ተወዳደርኩ፤ ወደቅኩ። ሺሺንዳ ገበያ ላይ እጄን ጨብጠው «አንተን ነው የምንመርጠው» ያሉኝ ሁሉ ድምፃቸውን የት እንዳደረሱት እነሱ ይወቁ። «እሺ፣ ወንበሩ ቢቀር አፍ አለኝ» ብዬ ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር በኢንተርኔት የሚተላለፍ ጣቢያ ከፈትን። ስቱዲዮ የምንለው ያንኑ የጥብቅና ቢሮዬን ነው።

አቤት ያየሁት አሳር! ባጃጅ ውስጥ ባለሥልጣኑን ሲያብጠለጥል የመጣ ሰው፣ ማይክ ሲያይ ይለወጣል። «በቅድሚያ ይህን ዕድል ለሰጠን መንግሥታችን ምስጋና አቀርባለሁ» ይላል። ኧረ ጣቢያው የእኔ ነው፣ የመንግሥት አይደለም! ስብሰባ አስለምዷቸው፣ ምስጋና ሳይቀድም አቤቱታ አይወጣቸውም።

ያላመሰገኑት እኚያ እናት ብቻ ናቸው። የደረሰባቸውን በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ አንድ በአንድ ተናገሩ፤ እኛ ከሥር በአማርኛ ጻፍንበት። አገር ምድሩ አየው። ጣቢያችን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም እንደዚያ ታይቶ አያውቅም።

በሳምንቱ ቢሮዬ መጡ። ቁጭም አላሉ።

«ልጄ፣ አጥፋልኝ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ንግግሬን። የቀበሌ ሰዎች እሱ ከጠፋ አጥሩን እናነሳለን ብለውኛል።»

«እማማ፣ መጀመሪያ አጥሩን ያንሱ፤ ከዚያ አጠፋለሁ። እንዲህ ይበሏቸው።»

«አንተ ስትከራከርልኝ ስንት ክረምት አለፈ? መሬቱ የእኔ ነው። አጥፋልኝ።»

ፎቶ አንሺው እያየኝ አጠፋሁት።

ትናንት ምሳ እየበላሁ ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና ተከፈተ። እሳቸው! ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአማርኛ፣ «መሬቴን ላስመለሰልኝ አስተዳደር ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ» ይላሉ። እኔስ ይቅርብኝ፣ የፈረደላቸው ፍርድ ቤት እንኳ ስሙ አልተነሳም! ምን ዓይነት ጉድ ነው? ተናደድኩ። ደግሞ ደስም አለኝ፣ ምን አባቴ ላድርግ፣ ቡናቸው ተመልሷላ! እጄን እንኳ ሳልታጠብ ደወልኩ።

«እንኳን ደስ አለዎት እማማ! አጥሩ ተነሳ አይደል?»

«መጀመሪያ ቴሌቪዥን ላይ አመስግኚ አሉኝ፤ አመሰገንኩ» አሉ። «ለአጥሩ ሰኞ ነይ ብለውኛል።»