የአንተነህ የምስክርነት ቃል

የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ገዳሙ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት መዝገብ ጠብቋል። ሚስቱ ማንጠግቦሽ «የልጆቹን ስም ያምታታል፤ መዝገብ ግን በቁጥሩ ያውቃል» እያለች ታማዋለች። ሐሜቷም እውነት ነው።

ሰው መዝገብ ቤት የሚመጣው ለክርክር ነው። እማሆይ ወለተ ሰንበት ግን በየዓመቱ፣ በልጃቸው ሙት ዓመት ማግስት፣ ለመስማት ይመጡ ነበር። ልጃቸው አንተነህ በሃያ ዓመቱ በአንድ የድንበር ክርክር መስክሮ በዚያው ክረምት የሞላ ወንዝ ወሰደው። ፎቶ የለው፣ ልጅ የለው። የቀረው ችሎት ቆሞ የተናገረውና ጸሐፊው እንደወረደ የጻፈው ገጽ ተኩል ቃል ብቻ ነው። እማሆይ ማንበብ ስለማያውቁ ገዳሙ ያነብላቸዋል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

ዘንድሮ የክልሉ የመዛግብት ባለሙያዎች ማኅበር ለአባላቱ ደብዳቤ ላከ። ምስጥ የጀመራቸውን መዝገቦች ለይታችሁ ጠብቁን፤ በመኪና ወስደን እናስጠግናለን የሚል ነው። ገዳሙ ሽር ጉድ አለ። ምን ያድርግ፣ ከማኅበሩ በፊት ባለሙያ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም! ሰማንያ ሦስት መዝገብ፣ የአንተነህንም ጨምሮ፣ አውርዶ በሩ ሥር መሬት ላይ ደረደረ። መንገድ ተዘጋና መኪናው ሳይመጣ ሁለት ሳምንት አለፈ። በመካከሉ እሱም ታሞ ሦስት ቀን ተኛ።

ሲመለስ በሩ ሥር ተጠርጓል፤ ጓሮው ውስጥ አመድ ብቻ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ መሬት የወረደ መዝገብ ይቃጠላል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ አርሴማ፣ ፊቱን አይታ ደንግጣ።

እውነቷን ነው። የሚወገድ መዝገብ መሬት ይውረድ የሚለውን ደንብ ያወጣው ራሱ ነበር። መደርደሪያውን ተደግፎ አለቀሰ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጤናዬ ደውላ ልታጽናናው ሞከረች፤ የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም።

ሙት ዓመቱ በዋለ ማግስት እማሆይ መጡ። ሊነግራቸው አቃተው። ከመደርደሪያ አንድ የፍቺ መዝገብ ስቦ ገለጠና፣ በቃሉ የያዘውን ያነበበ መሰለ።

«ስሜ አንተነህ ይባላል። የማውቀውን እናገራለሁ። ድንበሩ...» ቀጣዩ ጠፋው።

«‹ድንበሩ ግራሯ ሥር ነው፤ ከአባቴ ጋር እዚያ ድረስ አርሰናል›» ብለው እማሆይ ሞሉለት። «ምነው ልጄ፣ በየዓመቱ የምታነበውን?»

ሲጨርስ መዝገቡን ከእጁ ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩና ሳሙት። አንዲት ገጽ ከቦታዋ አዛንፎ የማያውቀው ገዳሙ፣ እማሆይ የሰው ፍቺ ሲስሙ ቆሞ አየ።