ማንም የማያየው ስክሪን

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አሰላ ውስጥ በሚገኝ የግብርና መረጃ ቢሮ አንድ አሮጌ ሰርቨር ከአገልግሎት ወጣ። ሶኬቱን የነቀለው አዲሱ ቴክኒሻን ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ማራገቢያው ዝም ሲል የሞቀ አቧራ ሽታ ፊቴን መታኝ።

ሽታውን አውቀዋለሁ። ዘጋቢ ከመሆኔ በፊት፣ ገና ጢሜ ሳይሞላ፣ የተቀጠርኩት እዚያው ክፍል አጠገብ ነበር። ሥራዬ የስንዴ ዋግ በሽታ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ነበር። ከኢተያ እስከ በቆጂ ያሉ የልማት ሠራተኞች በየጠዋቱ ከድረ ገጻችን በስልካቸው ያወርዱታል። ያኔ ብዙው ስልክ ፊደላችንን አያውቅም፤ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ስለዚህ ሰርቨሩ የጻፍኩትን ወደ ሥዕል ይለውጠው ነበር። ሥዕሉን የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ ስክሪን ካላገኘ አይሠራም። ሰርቨሩ ስክሪን አልነበረውም።

ይህን የነገረችኝ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ናት። ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ የአሰላን ብርድ ያልለመደች፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የምትደርብ ሴት ነበረች።

"ታዲያ ምን ላይ ይሥላል?" አልኳት።

"የሌለ ስክሪን ላይ። እኔ ነኝ ያበጀሁለት።"

በማሽኑ ውስጥ በስሌት ብቻ ያለ ስክሪን ነው፤ ፕሮግራሙ ግን እውነተኛ ይመስለዋል።

"ማን ያየዋል?"

"ማንም።"

ሳምንት ሙሉ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

ያ ስክሪን ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ አዝዛው ነበር። አንዳንዴ ይነሳል፤ አንዳንዴ አይነሳም። ባልተነሳ ቀን ማስጠንቀቂያው ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣና እሷ መጥታ በእጇ ታስነሳዋለች። ማሽኑን በፊርማዋ የተረከበችው እሷ ስለሆነች ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቀድም።

በዚያ ክረምት እናቷ ታመሙ። ፈቃድ ጠየቀች። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። "ዋጉ ኢተያ ገብቷል። ስክሪኑን ማን ሊያስነሳው ነው?" አሏት። እሷ እንድትሄድ ስክሪኑ በራሱ መነሳት ነበረበት።

አንድ ጠዋት ሰርቨሩን ዘጠኝ ጊዜ አጥፍታ አስነሳችው። ዘጠኝ ጊዜም ስክሪኑ አብሮ ተነሳ። "እኔ ስኖር እሺ ይላል፤ ጠቡ ከእኔ መሄድ ጋር ነው" አለች፣ ሳትስቅ።

የቢሮው ዘበኛ በመስኮት ሲያዩን ቆይተው ነበር። እዚያው አርሲ ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው።

"ማሊ? ምን ሆናችሁ?"

ነገርናቸው።

"እንዴት አድርገሽ ነው የምታጠፊው?"

"በትእዛዝ ነው ኦቦ። መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እዘጋለሁ፤ ከዚያ ይጠፋል።"

"ተሰናብቶ!" ብለው ሳቁ። "የእኛ መብራት መቼ ቻው ብሎ ሄዶ ያውቃል?"

ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ። ያኔም እጽፍ ነበር። ስክሪኑ ያልተነሳባቸውን ቀኖች አየሁ፤ ሁሉም መብራት በድንገት ከሄደ በኋላ ነበሩ። በሥርዓት አጥፍታው አልነሳ ያለበት አንድም ቀን አልነበረም።

"እንዲሁ በድንገት ብናጠፋው ቢቃጠልስ?" አልኳት።

"እናቴስ?" አለችኝ።

ዘበኛው ወደ ቆጣሪው ሄዱ። "ዛሬ መብራቱ እኔ ነኝ!" ሲሉ ከውጭ ተሰማ። ማራገቢያው ቆመ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ገና ያኔ ተሰማኝ። መብራቱን መለሱት። ሰርቨሩ ተነሳ፤ ስክሪኑ አልተነሳም። ሥራዋ እምቢ ሲላት ስትደሰት ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማሽኑ የመዘገበውን ስህተት ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ስክሪኑ ሲነሳ "ቦታው ተይዟል" የሚል ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል፤ በሥርዓት ሲዘጋ ያነሳዋል። መብራት ሲሄድ ግን ሳያነሳው ይሞታል። መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ወንበር ላይ ነጠላ ጥሎ እንደቀረ ተሳፋሪ ማለት ነው፤ ተከታዩ መጥቶ ነጠላውን ያይና ቆሞ ይቀራል።

አንድ መስመር ጨመረች፦ መጀመሪያ ምልክቱን አንሣ፣ ከዚያ ተነሥ። ዘበኛው ሦስት ጊዜ አጠፉ፣ ሦስት ጊዜ አበሩ። ሦስቱንም ጊዜ የእኔ ማስጠንቀቂያ ፊደሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

ረቡዕ ንጋት ወደ ጎጃም አውቶቡስ ተሳፈረች። "መብራት በሄደ ቁጥር ደውልልኝ" ብላኝ ነበር፤ የምትደውለው ግን ራሷ ነበረች።

"ተነሳ?"

"ተነሳ። እናትሽስ?"

"አውቀውኛል" አለች፣ በመጀመሪያው ቀን።

ወደ አሰላ አልተመለሰችም፤ እዚያው ተዛወረች። ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ የእኔም መልስ አንድ ነበር። ጥቂት ወራት እንዳለፉ መደወሏን ተወች። እኔም አልደወልኩም፤ የምነግራት አዲስ ነገር አልነበረኝም።

ማክሰኞ ዕለት በድሮ ቁጥሯ ሞከርኩ። አይሠራም።

ቴክኒሻኑ ሶኬቱን ከመንቀሉ በፊት የሰርቨሩን መዝገብ አሳይቶኝ ነበር። ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ተመለሰ። ስክሪኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሰባት ላይ በራሱ ተነስቷል።