የመስኮቷ ሁለት ክሬዲት

እትዬ ንገረኝ ዲግሪ የላቸውም። ይህን ከፊት የማስቀድመው እሳቸውን ለማሳነስ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚሁ ሰበብ ስለሆነ ነው። የፋርማሲ ትምህርት ክፍላችን ከግቢው ክሊኒክ ጋር በሚጋራት አንዲት መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ በድሮ ዲፕሎማ፣ ነገሩ ሲመጣ ሃያ ስድስት ዓመት መስኮት ላይ ቆመው ነበር። መስኮቷ ጠባብ ናት። የእንጨት መደገፊያዋ የስንቱ ሕመምተኛ ክርን ሲያርፍባት ኖሮ መሐሏ ጎድጉዷል።

ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ተማሪ ነው። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ በሳምንት አንድ ጠዋት እዚያች መስኮት ላይ እሳቸው አጠገብ ቆሞ መድኃኒት ያድላል። አስረድቶ ጨርሶ «ቀጣይ!» ሊል አፉን ሲከፍት፣ እትዬ በክርናቸው ጎሸም ያደርጉታል። «ምን ቸኮልክ? ማን አባረረህ?» ይሉትና ወደ ሕመምተኛው ዞረው፣ «እስቲ አባቴ፣ ይሄ ልጅ ያለዎትን መልሰው ይንገሩኝ» ይላሉ። ያኔ ጉድ ይፈላል። ተማሪው የተናገረው ሌላ፣ ሰውየው የሰማው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

በእኔም ደርሷል። ለአንዲት እናት የጆሮ ጠብታ ሰጥቼ፣ እንዴት ያለ ንግግር አደረግኩ መሰላችሁ! ስለ ጆሮ ታምቡር ሳይቀር አስረዳሁ። እትዬ ጎሸም አደረጉኝ። እናትየዋ ፈገግ ብለው፣ «ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጠብታ ሻይ ላይ» አሉ። ያን ቀን ያፈርኩት ዛሬም ፊቴን ያሞቀዋል።

ዓመታት አለፉ፤ ተመረቅኩ፤ እዚያው አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ። ከዚያ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ መጣ፣ እኔም የኮሚቴው ጸሐፊ ሆንኩ። ይህ ነገር የደረሰበት ያውቀዋል፣ ያልደረሰበት ደግሞ ዕድለኛ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ለትምህርቱ ግቦች ግስ መረጥን። «ተመራቂው ያውቃል» ማለት ክልክል ነው፤ ማወቅ አይለካማ። «ይዘረዝራል» ይቻላል። «ይተነትናል» ደግሞ ያስመሰግናል። የተፈቀዱት ግሶች በአንድ ወረቀት ታትመው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ነበር፤ እሷን ወረቀት የሚጠብቁ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፣ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ግስ በፊታቸው አያልፍም። ለሁለት ሳምንት ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንነታረክ ከርመን፣ በመጨረሻ የተስማማነው ዓረፍተ ነገሯን በመሰረዝ ነው።

ዋናው ችግር ግን ክሬዲት ነበር። በኮምፒውተር መድኃኒት ስለመቅረጽ የሚያስተምር አዲስ ኮርስ መግባት አለበት፤ ጥሩ ኮርስ ነው፣ አልጠላውም። ሁለት ክሬዲት ይፈልጋል። ሰንጠረዡ ደግሞ ሞልቶ ጢም ብሏል። የሁላችንም ዓይን «የመስኮት ልምምድ» የሚለው ላይ አረፈ። የተጻፈ ግብ የለውም። ፈተና የለውም። አስተማሪዋ ዲግሪ የላቸውም። በእርሳስ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ አፍሬ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ሰንጠረዡ ስለገጠመልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤቴ ስገባ ግን ያ የጆሮ ጠብታ ትዝ አለኝ። ልምምዱ ከቀረ እትዬ ወደ መጋዘን ይዛወራሉ፣ ጡረታቸው እስኪደርስ ሦስት ዓመት ካርቶን ሲደረድሩ ይከርማሉ። ሌላ ሰው ከሚነግራቸው እኔው ልንገራቸው ብዬ በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ።

ሰምተው ሳቁ። «መጋዘኑ ወንበር አለው አሉ። ለእግሬ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «መስኮት ላይ የሚቆምስ አይጠፋም። ልጆቹን ማን ይጎሽማቸዋል?»

በእጄ የያዝኩትን የኮሚቴውን ወረቀት ማጠፍና መዘርጋት ጀመርኩ።

«እስቲ ግቦቻችሁን አንብቢልኝ።»

አሥራ አራቱንም አነበብኩላቸው። ይዘረዝራል፣ ይተነትናል፣ ያነጻጽራል፣ ይቀምማል። እትዬ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡና፣ «ይሄ ሁሉ ጎበዝ ልጅ መድኃኒቱን የሚሰጠው ለማን ነው? ሰውየው የቱ ጋ አለ?» አሉ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። በአሥራ አንደኛው ግብ ላይ «ሕመምተኛ ተኮር» የሚል አገኘሁ። እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ለአለቃሽ ንገሪልኝ። አንድ ጠዋት መስኮቴ ላይ ይቁሙ። ከዚያ ይሰርዙኝ፣ ቅር አይለኝም።»

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ በተማሪው አፍ «ዶክተር ነቅንቁ» ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በውሃ ስለሚበጠበጡ የመድኃኒት ዱቄቶች በማጥናትና በማስተማር ነው። ጠርሙስ ሳይዙ ክፍል አይገቡም። ኩሩ ቢሆኑም ደግ ሰው ናቸው። መልእክቱን ስነግራቸው፣ «እኔን ልትፈትነኝ? ደስ ይለኛል!» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት የኮሚቴው አባላት ወንበር ይዘን መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ሕመምተኛ ሆነው የመጡት የግቢው ዘበኛ ናቸው። እኚህ ሰው ለእትዬ ተማሪዎች መለማመጃ እየሆኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልታመሙት በሽታ የለም፤ ተማሪው «ጋሼ ሥር ሰደድ» ይላቸዋል። ደም ግፊትም፣ አስምም፣ አንድ ጊዜ እርግዝናም ሞክረዋል። ያን ቀን የታመመ ልጅ አባት ነበሩ። ትክዝ ብለው መጥተው ክርናቸውን መደገፊያዋ ላይ አሳረፉ።

«ልጄን ጉሮሮውን አሞብኛል ዶክተር። ምግብ እንቢ ብሏል።»

የታዘዘው ዱቄት ያለበት የልጆች ጠርሙስ ነው፤ እቤት ውሃ ተጨምሮበት የሚበጠበጥ። ዶክተር ነቅንቁ ዓይናቸው በራ። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈታቸው «አምስት ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን» ብለው ጻፉ፣ ወረቀቷን ጠርሙሱ ላይ አስተካክለው ለጠፉ፣ ከዚያ ማስረዳት ጀመሩ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። መጀመሪያ ግማሽ ድረስ፤ ይነቅንቁ። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ እስካለችው መስመር፤ ደግመው ይነቅንቁ። ዱቄቱ ለምን እንደሚጓጉል ሳይቀር ነገሯቸው። እንከን አይወጣለትም። ጠርሙሱን አስረክበው እጃቸውን አራገፉና ወደ እኛ ዞሩ።

እትዬ ኃላፊያቸውን በክርን አልጎሸሙም። ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ እንጂ። ጋሼ ሥር ሰደድም ከመስኮቷ ንቅንቅ አላሉም።

«ልንገርዎት?» አሉ ዘበኛው።

«ምኑን?» አሉ ዶክተሩ።

«ያሉኝን ነዋ።»

አንድ ሳያስቀሩ መለሱላቸው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልምድ ቀላል አይደለም። እንደጨረሱ ጠርሙሱን አነሱና በጣታቸው አዞሩት። ደግመው አዞሩት።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መስመሯ የት ነች?»

«እዚያው ጠርሙሱ ላይ!»

«ሁለቴ አዞርኩት። የለችም።»

ዶክተር ነቅንቁ ጠርሙሱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። አዞሩት፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። በዚያ በሚያምር ጽሕፈት የጻፏትን ወረቀት የለጠፏት ልክ መስመሯ ላይ ነበር።

እኔ ጉድ ሆንን ብዬ ነበር። ዶክተሩ ግን ቀስ ብለው ወንበር ፈልገው ተቀመጡና ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «ሃያ ሁለት ዓመት ስለዚህች መስመር አስተማርኩ!» አሉ። «በራሴ እጅ ሸፈንኳት!»

«ወጥመድ አይደለም ዶክተር፣ እንዳይቀየሙኝ» አሉ እትዬ። «ልጆቹም እዚያው ነው የሚለጥፉት፤ ጠርሙሱ የሚመቸው እዚያ ጋ ነው። ሰውየው መልሶ እስኪነግራቸው ሲጠብቁ ነው የሚያዩት።»

«ጻፊ» አሉኝ ዶክተሩ። ብዕሬን አወጣሁ። «ተመራቂው መድኃኒት ከሰጠ በኋላ፣ ሕመምተኛው መልሶ እስኪነግረው ድረስ ይጠብቃል።»

የኬሚስትሪው መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹ይጠብቃል› ዝርዝሩ ላይ የለም። የሚለካ ግስ አይደለም።»

«የእጅ ሰዓት የለዎትም እንዴ?» አሉ እትዬ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁ፣ ግሷም ገባች። አዲሱ ኮርስ የሚፈልጋቸውን ሁለት ክሬዲቶች ዶክተር ነቅንቁ ከራሳቸው ኮርስ ቀንሰው ሰጡ፤ «ስለ መጓጎል ትንሽ አብዝቻለሁ» አሉ። እኔ የእርሳሴን ጭረት በላጲስ አጠፋሁ። የአስተማሪ ስም በሚለው ዓምድ የእትዬን ሙሉ ስም ጻፍኩ። የትምህርት ደረጃ በሚለው ላይ ቆም አልኩና፣ ዲፕሎማ ብዬ፣ አጠገቡ «ሃያ ስድስት ዓመት» ጨመርኩ። ማንም አልሰረዘውም። ለእትዬ ሳሳያቸው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ያዙት፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እትዬ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ባለፈው ወር እህቴን ልጠይቅ ራቅ ያለ ከተማ ሄጄ ልጄን አተኮሳት። ሐኪም አየልኝና ማዘዣውን ይዤ መንገድ ዳር ካለ መድኃኒት ቤት ገባሁ። መስኮቱ ላይ አንድ የማላውቀው ወጣት ፋርማሲስት አለ። ጠርሙሱን አወጣ፣ ጻፈ፣ ወረቀቷን ከመስመሯ ዝቅ አድርጎ ለጠፈ። አስረዳኝ። ከዚያ እጆቹን መደገፊያው ላይ አድርጎ ዝም አለ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ፤ እሱ ግን አይቸኩልም።

«እህቴ» አለኝ፣ «እስቲ ያልኩሽን መልሰሽ ንገሪኝ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። አሁን እኔ እንኳ ዶክተር እባላለሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፣ በድፍረት ተናገርኩ፣ መጨረሻ ላይ «ለአምስት ቀን» አልኩ።

«ሰባት» አለኝ በትሕትና። ደገምኩለት። ሲረካ ለቀቀኝ።

ከደጁ ሳልርቅ ለእትዬ ደወልኩና አንድ ወጣት ፋርማሲስት የሚበጠበጥ መድኃኒት እንደሰጠኝ ነገርኳቸው።

«ጠበቀሽ?» አሉኝ።

«ጠበቀኝ።»

«መስመሯስ?»

«ትታያለች።»

በስልኩ ውስጥ ያ የማውቀው ሳቃቸው መጣ።

«በይ እስቲ» አሉ፣ «ልጁ ያለሽን ሁሉ መልሰሽ ንገሪኝ።»

መንገድ ዳር ቆሜ ከፈላው ውሃ ጀምሬ እስከ ሰባተኛው ቀን ነገርኳቸው።