ድንጋይ ተሸክሜ ላፍቶ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሜክሲኮ አደባባይ ገና ጭጋግ ለብሷል። ሚስተር ናይር ጃንጥላውን በብብቱ ሸጉጦ ቀድሞኝ ደርሷል። ከህንድ መጥቶ እኔ ታሪክ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። የዛሬው ጉዞ የእኔ ጣጣ ነው። እሱ «ብቻህንማ አትሄድም» ብሎ ተከተለኝ እንጂ ምንም ዕዳ የለበትም።

ጣጣውን ለአንባቢ ልናዘዝ። ከሁለት ወር በፊት በዚሁ ጋዜጣ ላይ ስለ ላፍቶው ኦቦ ገለታ ጽፌ ነበር። ኦቦ ገለታ የድንበርና የግጦሽ ክርክር ሲነሣ ቃላቸው የሚጠየቅ ሽማግሌ ናቸው። በድርቅ ዘመን የቅድመ አያታቸው ቡላ በሬ በቀንዱ መሬቱን ወጋ፣ ከዚያም ምንጭ ፈለቀ፣ ያ ምንጭ እስከ ዛሬ መንደሩን ያጠጣል ብለው አጫወቱኝ። እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ፣ «ደስ የሚል ተረት» ብዬ አወጣሁት። ጋዜጣው ላፍቶ ደረሰ። አንድ የድንበር ተከራካሪ ገጹን ከኪሱ አውጥቶ፣ «ጋዜጣ ተረተኛ ያላቸውን ሰው በምስክርነት አልቀበልም» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኦቦ ገለታ ከሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ ትተዋል።

ይህን የነገረችኝ ልጃቸው ጫልቱ ናት፤ እኛው ዘንድ በማታ ትማራለች። ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ሰዓት፣ ብስራተ ገብርኤል

ሴይቼንቶዋ ታክሲ እየተንገጫገጨች በስሙኒ ስሙኒ አደረሰችን። ከዚህ ወዲያ መንገዱ የጋሪ ነው። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ከቅዳሴ ይወጣሉ፤ ሚስተር ናይር ትኩስ ዳቦ ገዝቶ ግማሹን ለእኔ፣ ቁራሹን ለፈረሱ ሰጠ። ባለጋሪው ደበበ ወዲያው ወደደው።

እኔ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ መፈለግ ያዝኩ። በደለኛ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቆማል፤ የሚያወርድለት የተበደለው ነው። አንዲት ለስላሳ ድንጋይ መርጬ ጋሪው ላይ ሳስቀምጣት ደበበ ዞሮ አያት።

«ጌታዬ፣ ምን አጥፍተው ነው?»

«የሽማግሌ ስም አጥፍቻለሁ።»

«ለስም ይቺን? ይቺማ ዶሮ ለገጨ ሰው ናት!» ብሎ ወረደና አንድ ጥቁር ድንጋይ አንከባሎ አመጣልኝ። ለሦስት አነሣናት።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በመንገድ ላይ

ጎፋን በግራ ትተን ቁልቁል እንወርዳለን። የጤፍ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ፣ ወተት ጭነው ወደ ከተማ የሚወጡ አህዮች። ጠዋቱ ያምራል፤ እኔ ግን ድንጋዩን ደጋግሜ አያለሁ። ይቅር ባይሉኝስ? እኔ ነገ ሌላ ነገር እጽፋለሁ፤ እሳቸው ሌላ ስም ከየት ያመጣሉ?

«ታሪክ መምህር ነህና ልጠይቅህ» አለ ሚስተር ናይር። «ታሪክና አፈ ታሪክ በእናንተ ዘንድ ሁለት ናቸው?»

«ታዲያስ! አንዱ ማስረጃ አለው፣ ሌላው የለውም።»

«በጥንቱ ቋንቋችን፣ በሳንስክሪት፣ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቃል አለን። ኢቲሃሳ። ትርጉሙ ‹በእርግጥ እንዲህ ነበር› ማለት ነው። አያቴ የጥንቱን ሁሉ በዚያ ስም ነበር የምትጠራው። እኔም የሒሳብ ሰው ሆኜ፣ አንድም ቀን ማስረጃ አምጪ ብያት አላውቅም።»

ከእንግሊዝኛው መልሼ ለደበበ ብነግረው፣ ፈረሱን እየነዳ፣ «የአያት ነገር እንዲያ ነው» አለ። እኔ ትንሽ ተናደድኩ።

አራት ሰዓት፣ ላፍቶ

ሽማግሌዎቹ ትልቁ ግራር ሥር የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ጫልቱ አባቷን እንደ ምንም ለምና ከቤት አስወጥታለች፤ እሳቸው ግን ራቅ ብለው በምርኩዛቸው ቆመዋል። ድንጋዩን ከጋሪው ላይ በጫንቃዬ ተቀብዬ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ብሄድ ነው፤ ፊታቸው ቆምኩ።

«ኦቦ ገለታ፣ የነገሩኝን ተረት ብዬ ጻፍኩ። ስምዎን አጎደፍኩ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ።»

ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ለምን ተረት አልከው?» አሉ በመጨረሻ።

መዋሸት አልቻልኩም። «በሬ ምንጭ ያወጣል ብዬ ስላላመንኩ።»

«ውሃውን አልጠጣህም?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ታዲያ ተረት ጥም ይቆርጣል እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም፤ ድንጋዩም አልወረደም። ያኔ ሚስተር ናይር ባርኔጣውን አውልቆ ለመናገር ፈቃድ ለመነ። በጋሪው ላይ የነገረኝን በእንግሊዝኛ ደገመው፣ እኔ ከድንጋዩ ሥር ሆኜ በአማርኛ፣ ጫልቱ በኦሮምኛ መለስነው። ኦቦ ገለታ በጥሞና ሰሙ።

«አገሩ የት ነው?»

«ባሕር ማዶ።»

«እዚያም ሽማግሌ አላቸዋ!» አሉና መጥተው ድንጋዩን ያዙ። እጃቸው ከእጄ ይጠነክራል። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። ታኢ።» ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ከመቀመጤ በፊት ግን ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ታላቁ ተጠግተው ግንዱ ላይ ቦታ ለቀቁ፣ ለኦቦ ገለታ። እሳቸውም በቀድሞ ቦታቸው ተቀመጡ። ጫልቱ ፊቷን አዞረች። እኔም ያለ እፍረት አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ጭኮ በልተን እርጎ ጠጣን፤ ሥጋ የማይነካው ሚስተር ናይር ሦስት ጊዜ አስቀዳ። ከዚያ ወደ ምንጩ ወርደን የበሬውን ነገር እንደገና ሰማሁ። ይኸው ለአንባቢ፦ ኦቦ ገለታ ከአባታቸው ሰሙ፣ አባታቸው ከአባታቸው ሰሙ፣ እኔ ከእሳቸው ሰማሁ። ፊተኛውን ጽሑፌን ሽሬዋለሁ።

ደበበ ፈረሱን ሲያዘጋጅ፣ ከገበያ የተመለሰ ጎረቤት ግራሩ ሥር ያለውን ጥቁር ድንጋይ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

«ይሄ መምህር ነው ያመጣው» አሉ ኦቦ ገለታ፣ ምርኩዛቸውን ወደ እኔ ቀስረው። «ከከተማ ጀምሮ በእግሩ ተሸክሞት መጣ! ሲያወርዱለት አራት ሰው አልበቃም።»

ጋሪው እዚያው ቆሟል። ሁለት መቶ እርምጃ ነው ልል አፌን ስከፍት ሚስተር ናይር እግሬን ረገጠኝ።

ጎረቤትየው በአድናቆት ተመለከተኝ። «እውነት ነው?»

ኦቦ ገለታን አየሁ። ግንዱ ላይ፣ በሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠው መልሴን ይጠብቃሉ።

«በእርግጥ እንዲህ ነበር» አልኩ።